ዕድሜው ወይስ ኪሎ ሜትሩ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብሮ አደጌ ከዳባት ተነሥታ ደባርቅ ቤቴ ድረስ መጣች። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ስልክ ፈትታ «እስቲ እይልኝ፤ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብላ ሰጠችኝ። የሁለት መኪኖች ፎቶ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በማዋለድና ቁስል በማጠብ ነው። መካኒክ ፈልጊ» አልኳት።

«መካኒክማ ደላላው ራሱ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ከሽያጩ ምንም የማያገኝ ሰው ነው» አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። የገንዘቡን ታሪክ ስለማውቅም ነገሩን አቅልዬ ላየው አልቻልኩም። ትልቋ ልጇ ቤይሩት በሰው ቤት ሥራ ስምንተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባትየው የኩላሊት ሕመምተኛ ነው፤ በየወሩ ለክትትል ጎንደር ይወርዳል። ከዳባት ጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለጤነኛ ሰው ቀላል መንገድ ነው። እግሩ ያበጠ ሰው ግን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ፣ በዳባት ውርጭ መንገድ ዳር ቆሞ ሚኒባስ ሲጠብቅ ያየ ያውቀዋል። ልጅቱ «ከእንግዲህ አባዬ መንገድ ዳር አይቆምም» ብላ ያጠራቀመችውን ሁሉ ላከች። ታናሽ ወንድሟ አስተማሪ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለው። ገንዘቡ የሚወጣው አንዴ ነው። ከተሳሳቱ ሌላ ስምንት ዓመት ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው መኪና ቪትዝ ነው፤ የ2000 ሞዴል። የአንድ ጡረተኛ አዛውንት ነበር፤ ቆጣሪው 84 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ሁለተኛው ያሪስ ነው፤ የ2007 ሞዴል። ባለቤቱ ለሥራ ባሕር ዳርና ጎንደር ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው፤ ቆጣሪው 238 ሺህ ገብቷል። ያሪሱ በ150 ሺህ ብር ይወደዳል። ልጁ ያሪሱን ወዷል፤ እናቱ ቪትዙን። «238 ሺህ የሄደ መኪናማ አልቆለታል። ሰው የጨረሰውን ድካም ነው የምንገዛው» ትላለች። ደላላውም ያንኑ ነው የነገራት፤ የሚያሻሽጠው ቪትዙን ነውና።

ይህ የዕድሜና የኪሎ ሜትር ጥያቄ የአብሮ አደጌ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ውጭ ሆነው ብር ሲልኩ፣ ወይም እኛው የጡረታና የዕቁብ ብራችንን አንድ ላይ አድርገን መኪና ስናስብ፣ ሁላችንም የምንደርስበት ነው። አንዱ «አሮጌ ነው ግን አልተነዳም» ይላል፤ ሌላው «ብዙ ሄዷል ግን ቅርብ ጊዜ የተሠራ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

እኔ መጀመሪያ የያዝኩት እርሳስ ነው። ሞዴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ የ2000 ሞዴል ማለት በእኛ የ1992 ነው። (አንድ ጎረቤቴ «የ2008 ሞዴል» ሲሉት በእኛ መስሎት ስምንት ዓመት ወጣት አድርጎ ገዝቷል።) ስለዚህ ቪትዙ 25 ዓመቱ ነው። 84 ሺህን ለ25 ስታካፍሉት በዓመት 3,400 ያህል፣ በቀን ደግሞ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያሪሱ 18 ዓመቱ ነው፤ በዓመት 13 ሺህ፣ በቀን 36 ኪሎ ሜትር። እንግዲህ ጥያቄው ተለወጠ። በቀን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ለ25 ዓመት የሄደ መኪና ምን ሲሆን ኖረ? መልሱ ቀላል ነው፤ ቆሞ ኖረ።

ቆሞ የኖረ መኪና እኔን ለምን እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ።

ከጡረታ በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት መኪና ነበረን። አንዱ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚሮጥ፣ በሩ በገመድ የሚታሰር። ሌላው አዲስ የሚባል ነበር፤ በወረቀት ጉዳይ ተይዞ ከአንድ ዓመት በላይ መጠለያ ሥር ቆመ። ቆጣሪው 9 ሺህ እንኳ አልሞላም። ሁላችንም «አይዞን፣ አዲሱ አለ» እያልን እንጽናና ነበር። አንድ የክረምት ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት መጣች፤ አሮጌው ለጥገና ጎንደር ነው። አዲሱን አስነሡ ተባለ። ባትሪው ሞቷል። ገፍተን አስነሣነው። እናቲቱን ጭነን መንገድ ጀመርን። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ተረግጦ ወለሉ ላይ ቀረ፤ ፍሬኑ የለም። ሹፌራችን፣ እግዜር ይስጠው፣ በማርሽ ይዞ ከአፈሩ ግድግዳ አስጠግቶ አቆመው። ከዚያ በቃሬዛ ተሸክመን ዋናው መንገድ ድረስ ወጣን፤ አንድ አይሱዙ ጫነን። እናቲቱ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ጥፋቱ ሁሉ የመኪናው ነው አልልም፤ እናቲቱም ዘግይታ ነበር የመጣችው። የጠፋው ሰዓት ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

በነጋታው ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አሳየኝ። አይጥ ሽቦውን በልታዋለች። የጎማ ቱቦዎቹ ደርቀው ሲጫኗቸው ይሰነጠቃሉ። የፍሬን ዘይቱ እንደ ቡና ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት እየጠጣ ይኖራል፤ መኪናው ሄደም አልሄደም። ውሃ የጠጣ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፔዳሉን አይገፋም። ከውስጥ የነበሩት የጎማ ቀለበቶችም ደርቀው ያፈሱ ነበር። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው፤ የሚቆጠረው በዓመት እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ ሁለት መዝገብ ይዤአለሁ። ኪሎ ሜትር የሚበላው አለ፤ ዓመት የሚበላው አለ። ኪሎ ሜትር የሚበላው የሚሽከረከረውንና የሚፋተገውን ነው፦ የሞተሩን ውስጥ፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካንቢዮውን፣ ኩሽኔታውን፣ አሞርዛተሩን። ዓመት የሚበላው ደግሞ ጎማ የሆነውንና ፈሳሽ የሆነውን ሁሉ ነው፦ ቱቦ፣ ቺንጋ፣ የዘይት መያዣ ቀለበቶች፣ የእግር ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ባትሪ። ዝገትም የዓመት ነው። በኪሎ ሜትር ያረጀው አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል፤ ይንኳኳል፣ ያፏጫል፣ ይንሸራተታል። በዓመት ያረጀው ግን ዝም ብሎ ቆይቶ ቁልቁለት ላይ ይናገራል።

ስለ ራዲያተሩ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ አገር ጉዳይ ነውና። ድሮ የመስታወት ሲሪንጅ በነበረበት ዘመን መርፌና መቀስ የምናመክነው አፍልተን ነበር። ደጋ ላይ ስንሠራ ከቆላው ይልቅ ረዘም አድርገን እናፈላ ነበር። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው የሚሠራው። ታዲያ ውሃው ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ እንደ ግፊት ድስት። የክዳኑ ጎማ በዕድሜ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ባሕር ዳር ላይ ደህና የነበረ መኪና ዳገቱ ላይ ያፈላል። ሰው «ሞተሩ ደክሟል» ይላል። አንዳንዴ የደከመው ክዳኑ ብቻ ነው። የምንጭ ውሃ እየጨመሩ መንዳትም ከውስጥ ያዝገዋል፤ ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ለቅንጦት የመጣ አይደለም። የደጋው አየር ስስ መሆኑም አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ትንሿ ቪትዝ ደባርቅ ስትደርስ ከጉልበቷ ሩብ የሚሆነውን ጥላ ነው። ይህን በሽታ ብላችሁ ለመካኒክ ብር አታፍስሱ።

ወደ ኪሎ ሜትሩ ልመለስ። ኪሎ ሜትር ሁሉ አንድ አይደለም። ከባሕር ዳር በፎገራ ሜዳ አድርጎ ጎንደር የሚመጣ መኪና ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹ ረግቶ፣ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ብቻ ተነክቶ ነው የሚሄደው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርደው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እየተጠማዘዘ ነው። መንገዱን ጣሊያን በ1930ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ግድም ገደሉን ቆርጦ ሲያወጣው የታየው ቦታ አሁንም ያው ነው፤ መኪናው ይበርዳል፣ ይግላል፣ ፍሬን ይበላል፣ ሲመለስ ደግሞ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው። ከደባርቅ ፓርኩን አቋርጦ ወደ ጃናሞራ የሚሄደውማ ቧሂት ጋ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ያውም በጠጠርና በአቧራ። እንዲያ ያለ መንገድ ላይ የተሠራ 60 ሺህ በእኔ ግምት የሜዳውን 150 ሺህ ያህላል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ሄደ?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «የት ሄደ?» በሉት። ጎብኚ እየጫነ ሳንቃ በር ሲመላለስ የኖረ መኪና ቆጣሪው ትንሽ ቢሆን ከሥሩ ተንበርክካችሁ እዩት።

የሕዝብ ማመላለሻም ሌላ ሒሳብ አለው። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን አንዴ ደርሶ መልስ የሚሠራ ሚኒባስ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 60 ሺህ ነው። በአምስት ዓመት 300 ሺህ። እንግዲህ የአሥር ዓመት ሚኒባስ «120 ሺህ ብቻ የሄደ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ሚኒባሱ ለዓመታት ቆሟል ይበላችሁ፣ ወይ ቆጣሪው ተነክቷል። ናፍጣ ሚኒባስና ፒካፕ የምትገዙ ከሆነ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ጠይቁ። ኪሎ ሜትሩ ባይደርስም ዓመቱ ከሄደ ይቀየራል፤ ሲበጠስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ቪትዝና ያሪስ በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ ሰንሰለቱ ጠላቱ ያረጀ ዘይት ነው።

እግረ መንገዴን፦ 25 ዓመት የሆነው መኪና ይህን ያህል መወደዱ ለምን እንደሆነ የሚገርማችሁ ካላችሁ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱን ከፍ አደረገው። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ መንግሥት አሳወቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ተቆጠረ። አሁን ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ሲጠራባት ማንም አይደነግጥም። ስለዚህ ዋጋ የዕድሜ ምስክር መሆኑ ቀርቷል፤ ውድ ነው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ጎንደር የሄድነው ማክሰኞ ነው። አብሮ አደጌ፣ ልጇና እኔ። ሻጮቹን አስቀድመን «እኛ ሳንደርስ ሞተር አታስነሡ» ብለናል። ቪትዙ ዘንድ ስንደርስ ኮፈኑ ላይ እጄን ጣል አደረግሁ፤ ትኩስ ነው። ሙቀት ሳላይ የኖርኩ መሰላቸው መሰለኝ! «ለናንተ ብለን አሞቅነው» አሉ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን ብለን ተመለስን፤ ዘመድ ቤት አደርን። ቀዝቃዛ ሞተር ያልታየበት መኪና አልታየም ማለት ነው።

በነጋታው የራሳችንን መካኒክ ይዘን ሄድን። ለመመርመሪያ ብቻ ከፈልነው፤ ይገዙ አይገዙ የእሱ ጉዳይ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቆጣሪው እውነት ይናገር እንደሆነ ነው። ሰው ስለ ዕድሜው ቢዋሽ እጁ ያጋልጠዋል፤ መኪናም እንደዚያው። የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ መቀመጫ ግራ ጠርዝ፣ የሹፌሩ ቀበቶ ሲሳብ ዳሩ፣ የማርሹ ራስ፤ እነዚህ ተበልተው ቆጣሪው 80 ሺህ ካለ ቆጣሪው ነው የሚዋሸው። የዛሬውን ዲጂታል ቆጣሪ በኮምፒውተር መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ የሚቆጥረው በማይል ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው።

ቪትዙ አልዋሸም። ፔዳሉ አዲስ ነው፣ ቀበቶው ንጹሕ ነው። አዛውንቱ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ ብቻ የነዱት እውነተኛ 84 ሺህ ነው። አብሮ አደጌ «አላልኩሽም?» ብላ ዓይኔን አየችኝ።

ከዚያ ወደ እግሩ ወረድን። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ሲያዩት ያስጎመጃል። ጎኑ ላይ ግን አራት አሃዝ አለ፦ 2311። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፤ በ2011 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ያውም በፈረንጅ። አሥራ አራት ዓመት! ጣቴን ስጫነው እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ጎማ አሥር ዓመት ካለፈው ጥርስ ኖረውም አልኖረው አይነዳበትም። የፍሬን ዘይቱ ያው የማውቀው የቡና ቀለም ነው። አንዱ የኋላ ፍሬን ተጣብቋል። ሞተሩ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፤ መካኒኩ «የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ ዘይት ይበላል» አለ። የዘይት ክዳኑ ከውስጥ ነጭ ነገር ይዟል። ይህ አንዳንዴ ቴስታታው አልቆ ውሃና ዘይት ሲቀላቀል የሚመጣ ነው፤ የዚህኛው ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ብቻ እየሄደ እየተዘጋ የተከማቸ እርጥበት ነው አለ። ጥቁር ጭስ ቢሆን ነዳጅ በዝቶ ነው፤ ጠዋት በብርድ የሚታየው ቀጭን ነጭ ጭስ ግን እንደ እኛ እስትንፋስ ነው፤ ሲሞቅ ካልጠፋ ብቻ ነው የሚያስጨንቀው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ቪትዝ ማለት ጃፓኖች ለራሳቸው ገበያ ያወጡለት ስም ነው፤ ያው መኪና በሌላው ዓለም ያሪስ ይባላል። ሁለቱ መኪኖቻችን የአንድ እናት ልጆች ነበሩ ማለት ነው። ጃፓን ግን መሪው በቀኝ ነው። እዚህ በግራ መሪ ያለው ቪትዝ ሲገጥማችሁ መሪው የት እንደተዛወረ፣ እንዴት እንደተበየደ ከሥር አስመርምሩ። የእኛው መሪ ትንሽ ይላላ ነበር።

ያሪሱ ለዓይን አያምርም። መቀመጫው ሰምጧል፣ መሪው ከመያዝ ብዛት ያብለጨልጫል፣ ግንባሩ በጠጠር ተበሳስቷል። ባለቤቱ ግን የትምህርት ቤት ደብተር አወጣ። ከ96 ሺህ ጀምሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት የተቀየረበት፣ ፍሬን የተነካበት፣ ጎማ የተገዛበት ቀንና ቁጥር በእጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል። እኔ ያንን ደብተር ሳይ የበሽተኛ ካርድ የማየት ያህል ደስ አለኝ። ከ96 ሺህ በፊት ያለውን አያውቅም፤ አላውቅም አለ፤ ያም ደስ አለኝ። መካኒኩ የአራቱንም ሲሊንደር ግፊት ለካ፤ ተቀራራቢ ናቸው። ጎማዎቹ የሦስት ዓመት ናቸው። ወደ ኮሶዬ ዳገቱን ይዘን ወጣን፤ የሙቀት መርፌዋ ከቦታዋ አልነቃነቅም አለች። ፍሪሲዮኑ ግን ዳገት ላይ ይንሸራተታል፤ የፊት አሞርዛተሮቹም ይንኳኳሉ። የኪሎ ሜትር በሽታ ነው፤ ድምፅ ያለው፣ ዋጋው የሚታወቅ።

መካኒኩ ሁለት ዝርዝር ጻፈ። የቪትዙ ጥገና ከያሪሱ በለጠ፤ የዋጋውን ልዩነት ግማሽ በላው። ከዚያም «የቪትዙ ይህ ዛሬ የሚታየው ነው፤ መሥራት ሲጀምር ገና ሌላው ይወጣል» አለ። ይህ እውነት ነው። የቆመ መኪና ወደ ሥራ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተራ በተራ ይፈታል።

እኔ የምለውን አልኩ፦ ለዚህ መንገድና ለዚህ በሽተኛ ያሪሱ። ሰው አዛውንቱ የነዱትን ለከተማ ውስጥ፣ ከቤት ክሊኒክ ለመሄድ ቢፈልገው አልቃወምም፤ ጎማውን፣ ቱቦውንና ፈሳሹን በሙሉ ለመቀየር ብር አስቀርቶ ከገዛ ጥሩ መኪና ይሆናል። በየሳምንቱ ረዘም ያለ መንገድ እየሄደ፣ በዓመቱ ዘይቱ እየተቀየረ የኖረ አሮጌ መኪናም አውቃለሁ፤ እሱን አግኝቶ የሚያልፍ ሞኝ ነው። ያሪሱም የሚኒባስ ያህል የተሠራበት፣ ወይም ደብተር የሌለው ቢሆን ኖሮ ልጁን ይዤ እመለስ ነበር።

አብሮ አደጌ ግን አልተዋጠላትም። «238 ሺህ! አልቆለታል እኮ!» እያለች ነው። ማታ ልጅቱ በኢሞ ደወለች። እናቷ ሁሉን ነገረቻት፤ የሰመጠውን መቀመጫ፣ የተበሳሳውን ግንባር፣ 238 ሺሁን። ልጅቱ ዝም ብላ ሰማችና «እማዬ፣ እኔም እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ። አልቆልኛል ማለት ነው?» አለቻት።

ቤቱ ፀጥ አለ። አብሮ አደጌ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁጥሩ አላነሣችም።

ከመክፈል በፊት የሻሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየን፤ ዕዳና እግድ እንደሌለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደን አጣራን፤ ውሉም በውልና ማስረጃ ነው የታሰረው። ይህን ያልኩት ብዙ ሰው በደስታ ጥድፊያ ስለሚዘለው ነው። ለፍሪሲዮኑና ለአሞርዛተሩ ከዋጋው ላይ አስቀነስን፤ መኪናው ጋራዥ ሳይገባ ዳባት አልሄደም። የፍሬን ዘይቱ፣ የራዲያተሩ ክዳንና ኩላንቱ አብረው ተቀየሩ። ልጁንም አንድ ነገር አስምዬዋለሁ፦ ቁልቁለት በወጣበት ማርሽ ይወርዳል፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ አይወርድም።

ባለፈው ሰኞ ዳባት ሄጄ አየኋቸው። ልጁ አዲስ ደብተር ገዝቷል። በግራው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ላይ «238,412፤ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ኩላንት» ብሎ ጽፏል። የቀኙ ገጽ ባዶ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ለአባቱ አሰመርኩበት፦ ቀን፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የእግር እብጠት። ጠዋት ጎንደር ሲነሡ ሁለቱንም ገጽ ሞልተው ነው የሚነሡት።